ውሃ ቀጂዋ ስንት ብርጭቆ ጠጣች?

ለመሆኑ ይህን ዓምድ የምታነቡ እናቶችና ሠራተኛ እህቶች፣ ዛሬ ከመኝታችሁ ከተነሣችሁበት ሰዓት ጀምሮ ስንት ብርጭቆ ውሃ ጠጥታችኋል? ለልጃችሁ ኮዳውን ሞልታችሁ ወደ ትምህርት ቤት ልካችሁት ይሆናል። ለባለቤታችሁ ከማዕድ ጋር ቀድታችሁ፣ ለእንግዳም አቅርባችሁ ይሆናል። በረንዳ ላይ ያለውን አበባ እንኳ አጠጥታችሁት ይሆናል። እኔ የምጠይቀው ግን እናንተ ራሳችሁ የጠጣችሁትን ነው። ብዙዎቻችሁ ጥቂት አሰብ አድርጋችሁ «አንድ» ወይም «ገና ነኝ» እንደምትሉ እገምታለሁ።

ስለ ውሃ ንጽሕና ብዙ ተጽፏል፤ ተገቢም ነው። ሴቲቱ ራሷ ጠጣች ወይስ አልጠጣችም ብሎ የሚጠይቅ ግን ብዙ አይገኝም። ስለሆነም ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ውሃን በቤታችን በምናገኛቸው ቅጠላ ቅጠሎችና በቅባት እህሎች አጣፍጦ ስለ መጠጣት ነው። ነገሩ የቅንጦት ወሬ መስሎ እንዳይታያችሁ፣ ለምን እንዳስፈለገ አስቀድሜ ልናገር።

በምኖርበት ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖር የስማዳ ልጅ አለች። ሥራዋ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ነው። እኔ የላይ ጋይንት ልጅ በመሆኔ፣ በአዲስ አበባ አቆጣጠር የአንድ መንደር ሰዎች ነን። አንድ ቀን ማታ ወገቧን ይዛ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት።

«ምን ሆንሽ የኔ እናት?» አልኳት።

«እትዬ፣ ያ ሕመም ተነሣብኝ። ሽንቴን ሲያቃጥለኝ ዘንድሮ ሦስተኛዬ ነው።»

«ውሃ ትጠጫለሽ?»

«የት ሆኜ?» አለችኝ። «ከጠጣሁ መውጣት አለብኝ። ከወጣሁ ሥራው ይቆማል፤ አለቃው ይቆጣል። ሽንት ቤቱም ለዚያ ሁሉ ሴት አንድ ነው፤ በሩ አይዘጋም። ጠዋት ሳልጠጣ ነው የምወጣው፤ እስክመለስም እችለዋለሁ።»

«እችለዋለሁ» የምትለው ቃል በጆሮዬ ቀረች። ፋብሪካ ውስጥ ብቻ አይደለም ይህ ነገር ያለው። በጉልት ገበያ የምትውል፣ ሰላሳ ደቂቃ እንኳ ከክፍል መውጣት የማትችል አስተማሪ፣ በየመንገዱ ቲኬት የምትቆርጥ ሴት፣ ሁሉም ይህችኑ ዘዴ ያውቋታል። ወንዱ ግድግዳ ፈልጎ ይገላገላል። እኛ ደግሞ ከምንጩ እናደርቀዋለን።

በማግሥቱ ጤና ጣቢያ ሄደች። ሽንቷ ተመርምሮ ኢንፌክሽን ተገኘባትና መድኃኒት ታዘዘላት፤ ውሃ በብዛት እንድትጠጣም ተነገራት። ይህ ምክር ለወጉ ያህል የሚባል አይደለም። በተፈጥሮ የሴት የሽንት መውጫ ቱቦ አጭር በመሆኑ፣ ከውጭ ያለው ተሕዋስ ወደ ፊኛ ለመግባት ረጅም መንገድ አይጠብቀውም። ሽንት በየጊዜው ሲወርድ ግን የገባውን እያጠበ ያወጣዋል። ሳንጠጣና ሳንሸና ስንውል ጊዜ ሰጥተን እናራባዋለን ማለት ነው። በቡልጋሪያ በተደረገና ውጤቱ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በታተመ ጥናት፣ ይህ ሕመም የሚመላለስባቸውና ውሃ በጥቂቱ የሚጠጡ 140 ሴቶች ለአንድ ዓመት ተከታትለዋቸው ነበር። ግማሾቹ ከቀድሞው በተጨማሪ በየቀኑ 1 ሊትር ተኩል ውሃ እንዲጠጡ ተደረገ። በዓመቱ መጨረሻ ሲታይ፣ ውሃ የጨመሩት ሕመሙ በአማካይ 1.7 ጊዜ ሲያገኛቸው፣ በልማዳቸው የቀጠሉት 3.2 ጊዜ ታመዋል። በግማሽ ያህል ቀነሰ ማለት ነው፤ ያውም በውሃ። እርግጥ ነው፣ ሕመሙ አንዴ ከያዘ በኋላ ውሃ ብቻውን አያድንም። ትኩሳት፣ የጎን ውጋት ወይም ደም ያለበት ሽንት ከታየማ ቤት ተቀምጦ ማስታመም አይገባም፤ ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ ቀላል የምትለውንም ቢሆን ለሐኪም ሳታሳይ አትደር።

ልጅቱ መድኃኒቷን ጨርሳ ተሻላት። ውሃው ግን አልሄደላትም። «ዝም ብሎ ውሃ አይወርድልኝም እትዬ፤ ሆዴ ውስጥ ይንቦጫረቃል» አለችኝ። እኔም ነገሩን ሳሰላስለው ወደ አገራችን ልማድ ወሰደኝ።

ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን ለማታውቁ ጥቂት ልበል። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልድያ የሚያልፈውን መንገድ የተጓዘ ሰው ነፋስ መውጫን ያውቃታል። ስሟ የተጋነነ አይደለም። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3000 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ደጋ ናት። ከበስተ ምዕራቧ ከ4000 ሜትር በላይ የሚረዝመው የጉና ተራራ ቆሟል። ርብና ጉማራ ከእርሱ ተነሥተው ወደ ጣና ይወርዳሉ፤ በሌላው ወገን የሚወርደው ውሃ ደግሞ ከፊሉ ወደ ተከዜ፣ ከፊሉ በበሽሎ አድርጎ ወደ ዓባይ ይሄዳል። የሰው ልጅ ይህን ሲሰማ «እንዲህ ያለ የውሃ አገር!» ይላል። ውሃው ግን ከደጋው እየሸሸ በገደል ስር የሚሄድ ውሃ ነው። በበጋ ምንጩ ሲመነምን ለአንድ እንስራ ቁልቁል ወርዶ ዳገቱን በጀርባ መሸከም የሴት ዕጣ ሆኖ ኖሯል። ዛሬ እንስራው በጀሪካን ተተክቷል፤ ይሁንና ሃያ ሊትር ያው ሃያ ኪሎ ነው። ወደ ስማዳ ቆላ ሲወረድማ ሙቀቱ ተጨምሮበት ውሃ ከጠላ ይከበራል።

እንግዲህ በእንዲህ ያለ ቤት ውሃ የሚጠጣው በተራ ነበር። አስቀድሞ ለእንግዳ፣ ቀጥሎ ለአባት፣ ከዚያ ለልጆች ይቀዳል፤ ከብቱም ጥጃውም አይረሳም። እናቴ ዋንጫ አንሥታ እስኪበቃት ስትጠጣ ያየሁበትን ቀን አላስታውስም። ከሰው የተረፈውን ቅሪት ቆማ ትጎነጨዋለች፤ ለዚያውም ምጣድ ዳር እሳት ሲሞቃት የዋለች ሴት ናት። ማንም አልከለከላትም፤ የተሸከመችው ራሷ ስለሆነች ዋጋውን የምታውቀው እርሷ ብቻ ነበረች። ቧንቧ በግቢያቸው ያለ የከተማ ሴቶች ይህን ልማድ ከእናቶቻችን ወርሰን መምጣታችን ነው እኔን የሚገርመኝ። ሸክሙ ቀርቶ ተራው ብቻ አልቀረም።

ደጋነቱም የራሱ ችግር አለው። ብርድ የውሃ ጥምን ያደበዝዛል። በከፍታ ቦታ ያለው ደረቅ አየር ደግሞ በምንተነፍሰው ትንፋሽ ብቻ ሳናውቀው እርጥበታችንን ይወስዳል። አዲስ አበባም ብትሆን ከ2300 ሜትር በላይ ናት። ስለዚህ «አልጠማኝም» ማለት «አልጎደለብኝም» ማለት እንዳልሆነ ልብ በሉ። ከሁሉ የሚሻለው መለኪያ ሽንታችን ነው፤ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ከሆነ ደኅና ነው፤ እንደ ጠጅ ከደመቀ ግን ውሃ ይፈልጋል። በቁጥር ለሚሹት ደግሞ፣ የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2002 ዓ.ም. ባወጣው ግምት ለአንዲት ሴት ከምግብና ከመጠጥ በጠቅላላው በቀን 2 ሊትር ያህል በቂ ነው፤ የምታጠባ እናት 700 ሚሊ ሊትር ትጨምራለች። ወጡም፣ ሻዩም፣ ቡናውም በዚህ ውስጥ ይቆጠራል። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባት እህት ግን መጠኑን የምትወስነው ከሐኪሟ ጋር ነው።

የእናቴን ቤት ውሃ እስካሁን በአፍንጫዬ አውቀዋለሁ። ቅሉና እንስራው በወይራ ጭስ ይታጠናል። የወይራ ፍልጥ ተቀጣጥሎ ነበልባሉ ሲጠፋ፣ የታጠበው ቅል በጭሱ ላይ ይደፋል፤ ጭሱ በአንገቱ ገብቶ ውስጡን ይይዘዋል። ከዚያ በኋላ የተቀዳው ውሃ ቀዝቀዝ ያለ፣ ከበስተኋላው የወይራ ሽታ ያለው ይሆንና የማያስጠማውን ሰው ያስጠማል። የዛሬ የውጭ አገር መጽሔቶች ኪያርና እንጆሪ በጠርሙስ ውሃ ውስጥ ከትተው ፎቶግራፍ እያነሡ እንደ አዲስ ግኝት ሲያሳዩን፣ እኔ የሚታወሰኝ ያ ቅል ነው። እንጆሪውንማ በዛሬው ዋጋ ማን ይደፍረዋል!

ነገር ግን አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። የወይራ ጭስ ሽታ ይሰጣል እንጂ ውሃ አያጠራም። ሎሚም፣ ጤና አዳምም፣ ዝንጅብልም እንዲሁ። የቆሸሸ ውሃ ቢያጣፍጡት የጣፈጠ ቆሻሻ ነው። ስለሆነም በመጀመሪያ ውሃውን ማጥራት፣ ማጣፈጥ ቀጥሎ። ማፍላት ለመረጠች፣ በእኛ ደጋ አገር ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ አይደለም። በአዲስ አበባ ከፍታ ወደ 92፣ በነፋስ መውጫ ደግሞ ወደ 90 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው መንፈቅፈቅ የሚጀምረው። ስለዚህ ከ2000 ሜትር በላይ ባለ ቦታ ውሃው ከተንፈቀፈቀ በኋላ 3 ደቂቃ መቆየት አለበት። እንደ ውሃ አጋር ያለ የክሎሪን መድኃኒት የምትጠቀም ደግሞ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን መጠን ጨምራ 30 ደቂቃ ትጠብቅ፤ ሎሚውን ከዚያ በፊት እንዳትነካው። በሎሚ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ ክሎሪኑን ያከሽፈዋልና፣ መድኃኒቱ ሥራውን ሳይጨርስ ይሞታል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ግን ያው ሎሚ የክሎሪኑን ሽታ ስለሚያጠፋ ጥቅም ይሰጣል።

ወደ አሠራሩ ስንመጣ፣ ከሁሉ የሚቀለው የሎሚና የናና ውሃ ነው። አንዲት ሎሚ ቅርፊቷን በደንብ አሽታችሁ ታጥቡና በስሱ ትቆርጧታላችሁ፤ የታጠበ ናና አምስት ስድስት ቅጠል በእጅ ጨመቅ አድርጋችሁ ከ1 ሊትር ውሃ ጋር ትከታላችሁ። ሁለት ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ ሎሚውን አውጡት፤ ሲቆይ ቅርፊቱ ውሃውን ያመረዋል። ናና ባይኖር በሶብላ ይተካዋል። ማቀዝቀዣ ያላት በነጋታው ትጨርሰው፤ የሌላት ግን ለጥቂት ሰዓት የሚበቃትን ብቻ ታዘጋጅ። የሎሚ ውሃ የኩላሊት ጠጠር ለሚመላለስበት ሰው በሐኪሞችም የሚመከር ነው፤ በሎሚው ያለው ሲትሬት አንዳንዱ ዓይነት ጠጠር እንዳይረጋ ያግዛልና። ቀኑን ሙሉ እየተጎነጩ መዋል ደግሞ ጥርስን ስለሚበላ፣ ከመካከል ተራ ውሃ መጉመጥመጥ ደኅና ነው።

ማቀዝቀዣ ለሌለን የጠጅ ሳርና የዝንጅብል ውሃ ይበልጣል። የሚሠራው በማፍላት በመሆኑ ማጥራቱና ማጣፈጡ በአንድ ጊዜ ይፈጸማል። አንድ ጭብጥ ጠጅ ሳር ቋጥሮ፣ የአውራ ጣት ያህል ዝንጅብል ቀጥቅጦ ማፍላት፣ ክዳኑን ሳይከፍቱ ማቀዝቀዝ፣ አጥልሎ በንጹሕ ጠርሙስ መያዝ ነው። ጦስኝም እንዲሁ። በደጋው ሜዳ ላይ እግር ሲረግጠው የሚሸት ይህ ትንሽ ሣር፣ እኛ አገር በዓል ሲመጣ ከዘመድ እጅ ከሚላኩት ስጦታዎች አንዱ ነው። እኔ በሻይ ፋንታ ስጠጣው ስኳር ማስገባት እንደ ነውር እቆጥረዋለሁ።

የተልባን ነገር ግን እንዲህ በአጭሩ ላልፈው አልችልም። «ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ» የሚለውን ተረት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ተልባ ምጣድ ላይ ሲንጫጫ የሰማ ሰው ግን ተረቱን ያወጣችው ሴት እንደሆነች አይጠራጠርም። በጋይንት ደጋ ሰማያዊ አበባው መስኩን ሲያለብሰው ማየት ራሱ ያረካል። በጾም ወራት ለእናቶቻችን ወተትም መጠጥም እርሱ ነበር። አሠራሩ እንዲህ ነው። የተለቀመውን ተልባ በለዘበ እሳት ታምሱታላችሁ፤ መንጫጫቱ ሲበዛና ሽታው ሲወጣ ሳያርር ታወርዱታላችሁ። ሲቀዘቅዝ በሙቀጫ መውቀጥ፣ መንፋት ነው። ሙቀጫ የሌላት የቡና መፍጫዋን አጥባ ትጠቀም። ከዱቄቱ ሁለት የሾርባ ማንኪያ በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጣችሁ ጥቂት ጊዜ ስታስቀምጡት ገለባው ይዘቅጣል። ከላይ ያለውን ገልብጣችሁ ወይም በንጹሕ ነጠላ አጥልላችሁ፣ ማር ወይም ጨው በጣት ጫፍ ጣል አድርጋችሁ ትጠጣላችሁ። ልስልስ ብሎ የሚወርድበት ምክንያት በፍሬው ልባስ ላይ ያለው ሙጫ ውሃ ሲያገኝ ስለሚያብጥ ነው። ይኸው ሙጫ ነው የሆድ ድርቀትን የሚያላላው። ተልባ ለልብ ተስማሚ ከሚባሉት የቅባት ዓይነቶች አንዱን በብዛት የያዘ ነው፤ ሆኖም ከተፈጨ በኋላ ቶሎ ስለሚሻግት የሳምንት ብቻ መፍጨት፣ ቀሪውን በፍሬው ማስቀመጥ ይገባል። ጥሬውን በእፍኝ መብላት አይመከርም፤ ማመሱ በጥሬው ያለውን ጎጂ ነገር ይቀንሳል። መድኃኒት የምትወስድም ከተልባው ጋር አንድ ላይ አትዋጠው፤ ሁለት ሰዓት ታራርቀው፤ ሙጫው የመድኃኒቱን መመጠጥ ያዘገየዋልና።

አብሽ የራሱ ወዳጆች አሉት። የተፈጨውን አብሽ በውሃ ዘፍዝፎ ማሳደር፣ በላዩ የረጋውን መራራ ውሃ መድፋት፣ ከዚያ እንደ አረፋ ነጭ ሆኖ እስኪነሣ መምታት፣ በመጨረሻም በውሃ አቅጥኖ ሎሚ ጠብ ማድረግ ነው። አብሽ በደም ያለውን ስኳር ስለሚያወርድ የስኳር መድኃኒት የምትወስድ ሴት፣ ነፍሰ ጡርም የሆነች፣ ሐኪሟን ሳትጠይቅ አታዘውትረው። የሱፍ ውሃንም በዚሁ ላንሣ፤ ሱፉን ገንፈል አድርጎ ወቅጦ በውሃ አሽቶ ማጥለል ነው፤ ወተት መስሎ ይወጣል። ፍትፍቱን የሚወድ ሁሉ ጭማቂውን በብርጭቆ መጠጣት ለምን እንደሚረሳ አላውቅም። በሶ በውሃ በጥብጦ መጠጣትም አለ፤ መንገደኛውና የቆሎ ተማሪው የኖረበት ነው። ዙር አምባና ቤተልሔም በጋይንት በመሆናቸው፣ ለዝማሬና ለድጓ ትምህርት ከየአገሩ የሚመጡ ተማሪዎች በልጅነታችን በራችን ላይ ይቆሙ ነበርና፣ የበሶ ብጥብጥ በቅል ሲጨልጡ አይቻለሁ።

ብርዝን በተመለከተ ወዳጆቼ ቅር እንዳይላቸው እየፈራሁ ነው የምናገረው። ማር በውሃ ተበርዞ ሲጠጣ እጅግ ደስ ይላል፤ የሠርግ ቤት ክብርም ነው። ነገር ግን ማሩ ያው ስኳር ነው፤ በአንድ የሾርባ ማንኪያ ውስጥ 17 ግራም ያህል አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ለአንድ ጎልማሳ በምግብና በመጠጥ የሚጨመረው ስኳር፣ ማርንም ጨምሮ፣ በቀን ከ50 ግራም እንዲያንስ፣ ቢቻል ከ25 ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ለልጆቻችን «ውሃ ከጠማህ» እያልን የምንገዛላቸው 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ደግሞ ከ30 ግራም በላይ ይዟል። ስለዚህ ብርዙ ለበዓል ይሁን፤ ለዘወትር ቅጠሉ ይበቃል። ዕድሜው 1 ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር ጨርሶ አይሰጥም፤ በማር ውስጥ ሊኖር የሚችል አንድ ተሕዋስ በጨቅላ አንጀት ውስጥ መርዝ ይፈጥራልና።

ስለ ሕፃናት ካነሣን፣ 6 ወር እስኪሞላው ድረስ ለሕፃን ከእናት ጡት ወተት በቀር ምንም አይሰጠውም፤ ውሃ እንኳ ቢሆን። በአገራችን አራስ ልጅን ቅቤ ማስላስ፣ የአብሽ ውሃ ወይም የጤና አዳም ጠብታ መስጠት የነበረ ነው። አያቶች በፍቅር ያደርጉታል፤ «አይ እማማ፣ ሐኪሞቹ ከልክለውኛል» ብሎ በትሕትና ጽዋውን መመለስ የእናቲቱ ድርሻ ነው። ጤና አዳም ለነፍሰ ጡር ሴትም አይሆንም፤ ማሕፀን ያነሣሣል። ከዚህም ሌላ፣ ልጅ ሲያስቀምጠውና ሲያስመልሰው የሎሚ ውሃ፣ ብርዝ ወይም ለስላሳ አይተካም። የሚያስፈልገው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር የሚባለው ኦ.አር.ኤስ. ነው። እርሱ እስኪገኝ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁለቱም በማንኪያው ልክ ተስተካክለው፣ በጥብጦ በጥቂት በጥቂቱ መስጠት ነው። ጤና ጣቢያውም ከኦ.አር.ኤስ.ው ጋር የዚንክ ክኒን ይሰጣል፤ ልጁ ተሻለው ተብሎ የታዘዘው ቀን ሳይሞላ አይቋረጥም።

አንዳንድ ሰዎች የሎሚ ውሃ «ሰውነት ያጥባል፣ መርዝ ያወጣል፣ ቦርጭ ያቀልጣል» ሲሉ እሰማለሁ። ሰውነትን የሚያጥቡት ኩላሊትና ጉበት ናቸው፤ ከተሰጣቸው ሥራ የተጓደለ ነገር የለም፤ ውሃ ብቻ እንዳናሳጣቸው ነው። ቅጠሉ ወደ ውሃው የሚያስተላልፈው ቫይታሚንም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ጥቅሙ አንድ ነው፤ ያልወረደው ውሃ እንዲወርድ ያደርጋል። ይህ አንዱ ጥቅም ደግሞ ለእኔ በቂዬ ነው።

የስማዳዋ ልጅ የመረጠችው የጠጅ ሳሩን ነው። ማታ አፍልታ ታሳድረውና ጠዋት ሁለት ባለ አንድ ሊትር ጠርሙስ ሞልታ ትሄዳለች። ጠርሙሶቹን በየማታው በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጥባለች፤ አንገታቸውን በብሩሽ። ይህን እኔ ነኝ አጥብቄ ያዘዝኳት፤ ቅጠል የሚዘፈዘፍበት ጠርሙስ ውስጡ ቶሎ ያዛጋል። በመጀመሪያው ሳምንት የቀመሱት የሥራ ባልደረቦቿ በሁለተኛው ሳምንት የራሳቸውን ይዘው መምጣት ጀመሩ።

እንግዲህ ሁሉም ሲጠጡ፣ የሽንት ቤቱ ጉዳይ አፍጥጦ መጣ። እስከዚያ ድረስ እያንዳንዷ ለብቻዋ «እችለዋለሁ» ስትል ኖራለች። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኞቹን ጤንነትና ደኅንነት ለመጠበቅ ተገቢውን እርምጃ እንዲወስድ ያስገድዳል፤ ይህን ከመካከላቸው አንዷ ታውቅ ኖሯል። ሴቶቹ ተመካክረው ሦስት ነገር በጽሑፍ ጠየቁ፤ አንደኛ የበሩ መቀርቀሪያ እንዲሠራ፣ ሁለተኛ ከምሳ በፊትና በኋላ የአሥር ደቂቃ መውጫ እንዲኖር፣ ሦስተኛ ለሴቶች ተጨማሪ ሽንት ቤት እንዲሠራ። መቀርቀሪያው በሳምንቱ ተሠራ። የአሥር ደቂቃው መውጫ ከምሳ በኋላ ያለው ተፈቅዷል፤ ከምሳ በፊት ያለውን አለቃው እያየ ይፈቅዳል፣ እያየ ይከለክላል። ሁለተኛው ሽንት ቤት ግን ገና ነው፤ በዚህ ወር በድጋሚ ጽፈው አስገብተዋል፤ ፊርማው ካለፈው ጊዜ ይበልጣል።